አሮጌውን ኮምፒውተር ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት

ዕቃ ቤት ውስጥ ወይም አልጋ ስር ወደ ቢጫ የሄደ አሮጌ ኮምፒውተር ካላችሁ፣ ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ አትሰኩት። አውቃለሁ፣ ያጓጓል። አቧራውን ጠረግ አድርጎ "እስቲ ይሠራ ይሆን?" ማለት የማንም ፍላጎት ነው። ግን ስንቱ ማሽን ሃያ ዓመት በሰላም ተቀምጦ፣ በተሰካባት በዚያች ሰከንድ ተቃጥሏል።

የማወራው በውስጣቸው ባለው ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስም ስለሚጠሩት ስለ 386፣ ስለ 486 እና ስለ መጀመሪያዎቹ ፔንቲየሞች ነው። ኢንቴል 486ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። እኛ ቤት የገባው በ1987 ዓ.ም. ነው። አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ ጓደኛ ጋር በታክሲ ጭኖ አመጣው። ሳሎን ጥግ ላይ፣ እናቴ በሠራችው ዳንቴል ተሸፍኖ፣ ከጎኑ ስታቢላይዘር ተደርጎለት ተቀመጠ። እኛ ልጆቹ እጃችንን ሳንታጠብ አንነካውም ነበር። አባቴ ማብሪያውን ሲጫን መጀመሪያ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ቀጥሎ ሚሞሪው ቲክ ቲክ ቲክ እያለ እስከ 8 ሺህ ምናምን ይቆጥራል፣ ከዚያ አንዲት አጭር ጢጥ ትሰማለች። ያቺ ጢጥ "ደህና ነኝ" ማለቷ ነው። ዛሬም የአንድን አሮጌ ማሽን ያችን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ቡጭ ይላል።

አባቴ የእድራችን ጸሐፊ ነበር። ቃለ ጉባኤውን፣ የአባላቱን ዝርዝር፣ ውጭ አገር ላለው አጎቴ የሚልከውን ደብዳቤ ሁሉ በዚያ ማሽን ነው የጻፈው። ካረፈ በኋላ ማሽኑ ዕቃ ቤት ገባ። እኔ ጥገና የጀመርኩት እነዚያን ጽሑፎች ፍለጋ ነው። ስለዚህ ምክሬ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያጠነጥናል፦ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ አድኑ፣ ማሽኑ ቀጥሎ ይደርሳል።

መጀመሪያ ጀርባውን እዩ

ከኋላ፣ የፓወር ኬብሉ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለች። 115 ወይም 230 ይላል። ማሽኑ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ሊሆን ይችላል። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። 115 ላይ እንዳለ ከሰካችሁት ፓወር ሳፕላዩ (መብራቱን ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች፣ ይፈነዳሉ። ይህ በራሴ እጅ ደርሷል። ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የመጣ አንድ ፔንቲየም ነበር፣ ጀርባውን ሳላይ ሰካሁት፣ ጧ አለ፣ ቤቱ በጭስ ተሞላ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ማንሸራተቻው ጭራሽ የሌለውና 110 ብቻ የሚል ማሽን ወይም ሞኒተርም አለ፤ ለእሱ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ሌላም አደገኛ ነገር አለ። የእነዚህ ማሽኖች ማብሪያ እንደ ዛሬዎቹ አይደለም። በአብዛኞቹ ከፓወር ሳፕላዩ ተነስተው ፊት ለፊት ወዳለው ማብሪያ የሚሄዱ አራት ወፈር ያሉ ሽቦዎች አሉ። በእነሱ ውስጥ የሚያልፈው ቀጥታ የግድግዳው 220 ቮልት ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ኬብሉ ከተሰካ፣ ማብሪያው ላይ ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ኬብሉን ከግድግዳው ንቀሉ። "አጥፍቼዋለሁ" ብቻውን አይበቃም።

የድሮውን ወፍራም ሞኒተር ደግሞ አትክፈቱት። ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ለመግደል የሚበቃ ቮልቴጅ ሊይዝ ይችላል። ከተበላሸ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጋ ውሰዱት፤ እነሱ ያውቁበታል።

ክዳኑ ሲከፈት

ካቻቢቴ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ቴስተር፣ ጥሩ መብራት። ለመጀመር ይኸው ይበቃል። ምንም ከመንካታችሁ በፊት በስልካችሁ ብዙ ፎቶ አንሱ፣ በተለይ ጠፍጣፋዎቹ ሪባን ኬብሎች ጠርዝ ላይ ያለው ቀዩ መስመር ወደ የት እንደዞረ። ያ ቀይ መስመር ቁጥር አንድ ፒን ያለበትን ጎን ያሳያል፤ ተገልብጦ ቢሰካ ማሽኑ ዲስኩን አያየውም።

አቧራውን በብሩሽ ጥረጉ። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው፣ ግን ተዉት። ያ አየር ውሃና ዘይት ይዞ ይወጣል፣ ግፊቱም ትንንሾቹን ዕቃዎች ነቅሎ ይጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ክቡ ትልቁ የኪቦርድ መሰኪያ ቦርዱ ላይ የገባበትን ቦታ ፈልጉ። ከሱ አካባቢ የጣት አንጓ የምታክል፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ፕላስቲክ የለበሰች፣ እንደ በርሜል ድቡልቡል ያለች ባትሪ ታገኛላችሁ። ላይዋ ላይ 3.6 ቮልት ይላል። ማሽኑ ጠፍቶ ሰዓቱንና ቅንብሩን እንዲያስታውስ የምታደርገው እሷ ናት። ኒኬል ካድሚየም ናት፤ ስታረጅ ታፈሳለች። የምታፈሰው ፈሳሽ መዳብ ይበላል። በሦስትና በአራት ዓመት ሳይሆን በሃያና ሠላሳ ዓመት አስቡት፤ በባትሪዋ ዙሪያ ያሉትን የጸጉር ያህል ቀጭን መስመሮች ጨርሳ፣ ካርዶቹ የሚሰኩበት ድረስ ትሄዳለች።

የአባቴን ማሽን ስከፍት ባትሪዋ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ለብሳ ነበር። ከስሯ ያለው ቦርድ ጠቁሯል። አንዱን እግር በጥፍሬ ነካ ሳደርገው እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰበረ። እንግዲህ ለሌሎቻችሁ የምለምናችሁ፣ ማሽኑን የመጠገን ሐሳብ ባይኖራችሁ እንኳ ይህችን ባትሪ ዛሬ አውጧት። ሁለት እግር ናት፤ በትንሽ ፒንሳ ቆርጦ ማንሳት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማሽኑ ተጨማሪ ሃያ ዓመት ይቆይላችኋል።

የፈሰሰውን ለማጽዳት አቼቶ ያስፈልጋችኋል። አዎ፣ ሰላጣ ላይ የምናደርገው ነጩ አቼቶ። ፈሳሹ አልካላይ ስለሆነ አቼቶ ያመክነዋል። ጓንት አድርጉ። ጥጥ በእንጨት ጫፍ ላይ ጠቅልላችሁ፣ አቼቶ አስነክታችሁ፣ የቆሸሸው ላይ ብቻ አሹ። ትንሽ አረፋ ያወጣል፣ አትደንግጡ፣ እየሠራ ነው። አረፋው ሲቆም በዲስቲልድ ውሃ እጠቡት። ነዳጅ ማደያ "የባትሪ ውሃ" ብለው የሚሸጡት እሱ ነው፤ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ግን ጠርሙሱን አንብቡ። አቼቶ ቦርዱ ላይ ከቀረ እሱም በተራው ይበላል፣ ስለዚህ እጥበቱን አትስነፉ። በመጨረሻ በአልኮል ጥረጉት፤ ፋርማሲ ያለው ባለ 70 ፐርሰንት ውሃው ስለሚበዛ 90 እና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ይመረጣል። ከዚያ ጥላ ውስጥ አየር የሚያገኝ ቦታ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ።

ሲደርቅ ቴስተሩን ጢጥ የሚለው ላይ አድርጋችሁ የተበሉ የሚመስሉትን መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ በአንድ ፈትሹ። ጢጥ ካላለ ተቆርጧል። ከአሮጌ ኬብል ውስጥ አንዲት ቀጭን የሽቦ ክር መዛችሁ በብየዳ ታገናኟታላችሁ። እጃችሁ በብየዳ ካልተፈታ ሞባይል ጠጋኞች ጋ ሂዱ፤ በማይክሮስኮፕ ከዚህ የረቀቀ ሥራ በየቀኑ ይሠራሉ። የቱ ከየት እንደሚገናኝ ግን እናንተ ንገሯቸው።

በቦታዋ ምን ይግባ? ብዙ ቦርዶች ላይ ለውጭ ባትሪ የምትሆን ባለ አራት ፒን መሰኪያ አለች፣ አጠገቧም ጃምፐር (ሁለት ፒኖችን የምታገናኝ ትንሽ መክደኛ) አለ። እዚያ ላይ በሽቦ ባትሪ አያይዛችሁ፣ ባትሪውን ከቦርዱ አርቃችሁ ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችውን ሊቲየም ባትሪ ግን በድሮዋ ቦታ ቀጥታ አትበይዱ። ቦርዱ የድሮዋን ባትሪ ቻርጅ ያደርግ ነበር፣ ይህችኛዋ ቻርጅ አትደረግም፣ ልትፈነዳም ትችላለች። ግድ ካላችሁ አንድ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) በመሀል መግባት አለበት።

ፓወር ሳፕላዩን ለብቻው

ቦርዱ ንጹሕ ሆነ ማለት ይሰካ ማለት አይደለም። በፓወር ሳፕላዩ እና በቦርዱ መካከል ያሉትን ሁለት ረጃጅም ሶኬቶች ንቀሉ። እነሱን ስትመልሱ አንድ ሕግ አለ፦ ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሀል ላይ ጎን ለጎን ይሁኑ። ጥቁር ከጥቁር። ተገለባብጠው ከገቡ ቦርዱ ይቃጠላል፣ ማስተካከያም የለውም።

ይህ ዓይነት ፓወር ሳፕላይ ሸክም ከሌለው ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ የሞተ ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ ሞክሩት። የአባታችሁን ዲስክ ለዚህ እንዳትጠቀሙ! አብርታችሁ ቴስተሩን ጥቁርና ቀይ ላይ አድርጉ፤ 5 ቮልት አካባቢ፣ ከ4.75 እስከ 5.25 መሆን አለበት። ጥቁርና ቢጫ ደግሞ 12 ቮልት፣ ከ11.4 እስከ 12.6። ከዚህ ከወጣ አትጠቀሙበት። ካበራችሁት በኋላ የሚከረፋ ጭስ ከወጣ ቶሎ ንቀሉ። በዚያ ዘመን መግቢያው ላይ የሚገቡ፣ ወረቀት ያለባቸው ካፓሲተሮች ነበሩ፤ ፕላስቲካቸው ይሰነጠቅና እርጥበት ይስባሉ፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ያጨሳሉ። ብዙ ጊዜ እሱን ብቻ መቀየር ይበቃል። ግን ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያሉት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ለተወሰነ ጊዜ ኤሌክትሪክ ስለሚይዙ፣ ልምድ የሌለው ሰው ሳጥኑን አይክፈተው።

የጢጥታ ቋንቋ

አሁን ሃርድ ዲስኩን ሳትሰኩ፣ ቦርዱን፣ ሚሞሪውንና የስክሪን ካርዱን ብቻ አድርጋችሁ አብሩ። ስክሪኑ ጨለማ ቢሆንም ጆሯችሁን አቁሙ። ባዮሱ (ቦርዱ ላይ ያለው ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ኤኤምአይ የሚባለው ከሆነ፣ ሦስት ጢጥ ሚሞሪ ነው። ስምንት ጢጥ የስክሪን ካርድ። ስድስት ጢጥ የኪቦርድ መቆጣጠሪያው፣ ያም ማለት ባትሪዋ የበላችው መስመር ገና አለ ማለት ነው። አዋርድ ባዮስ ላይ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ከሰማችሁ የስክሪን ካርዱን ፈትሹ።

አብዛኛው ችግር ግን የሚፈታው በላጲስ ነው። የሚሞሪውንና የካርዶቹን የተደረደሩ የብረት ጥርሶች በነጭ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ አሹና ፍርፋሪውን ጠርጉ። ሚሞሪው ሲመለስ ዘንበል ብሎ ይገባና ቀና ሲል ጠቅ ይላል። ጎንና ጎኑ ያሉት መያዣዎች ፕላስቲክ ከሆኑ በጣም ተጠንቀቁ፣ በእድሜ ብዛት ይሰባበራሉ።

ስክሪኑ ሲበራ ማሽኑ ቅንብሬ ጠፍቷል ብሎ ያማርራል። ቀኑም ብዙ ጊዜ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ይላል። በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ይህን ስነግራት "ያኔ አባትህን ገና አላወቅሁትም" አለችኝ።

ዴሊት የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ወደ ቅንብሩ ግቡ። እዚህ ላይ ሃርድ ዲስኩን እራሳችሁ ልታስተዋውቁት ትችላላችሁ። ዲስኩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሲሊንደር፣ ሄድ፣ ሴክተር ብሎ ሦስት ቁጥር ይሰጣል። እነሱን እንዳሉ ጻፉ። ሦስቱ ቁጥሮች ተባዝተው፣ በ512 ሲባዙ የዲስኩን መጠን በባይት ይሰጣሉ። የድሮ ባዮሶች ጣሪያ 1024፣ 16 እና 63 ነበር፤ 528 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይመጣል። አንዳንድ ትልልቅ ዲስኮች ሙሉ በሙሉ የማይታዩት ለዚህ ነው።

ጽሑፎቹን ማውጣት

ዲስኩን በዚያው በአሮጌው ማሽን ደጋግማችሁ አታስነሱት። ዊንዶውስ 95 በተነሳ ቁጥር ዲስኩ ላይ ይጽፋል። የዲስክ መፈተሻና ማስተካከያ ፕሮግራሞቹን፣ ስካንዲስክም ሆነ ዲፍራግ፣ እንዳታስኬዱ። ለደከመ ዲስክ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። እኔ ያደረግኩት ይኸው ነው፦ አንድ ፔንቲየም 4 በርካሽ ገዛሁ። ባለ 40 ፒን መሰኪያ ስላለው የአባቴን ዲስክ ጃምፐሩን ስሌቭ (ሁለተኛ ዲስክ ማለት ነው) ላይ አድርጌ እዚያ ሰካሁት። አሮጌ ዲስኮችን በዩኤስቢ የሚያገናኘው ኬብልም አለ፣ ነገር ግን የ486 ዘመን ዲስኮችን ብዙ ጊዜ አይለይም፤ በዚያ ጊዜ "ዲስኩ ሞቷል" ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ዲስኩ ጭራሽ ካልዞረ፣ ውስጡ ያለው አንባቢ ሳህኑ ላይ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። እንደ መጨረሻ አማራጭ ዲስኩን በእጅ ይዞ፣ እንደ ቁልፍ ማዞር ግራና ቀኝ ፈጠን አድርጎ ማወዛወዝ አንዳንዴ ያስነሳዋል። ከተነሳ ሳታጠፉት ወዲያው ቅዱ። ዲስኩን መክፈት ግን በፍጹም። ፍሎፒዎችን ደግሞ ድራይቭ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ብረቷን ገለጥ አድርጋችሁ ውስጧን ተመልከቱ። ነጭ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፤ ፍሎፒውንም የድራይቩንም አንባቢ ይፍቃል።

ዲስኩ ላይ ስትደርሱ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሁን ነው። የደብዳቤዎቹን ፋይሎች ብቻ ቀድቶ ይሄዳል። ቤቱ ሄዶ ሲከፍታቸው ግራ የገባው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝርክርክ ይወጣል። ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ያጠፋዋል። አልተበላሸም! የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ቁጥር ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በእትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉት ሶፍትዌሮች ፊደላችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፤ "ለ" አድርጎ የሚስለው ፎንቱ ነው። ያውም አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ስለነበረው፣ የእኛ ፊደል ስለማይበቃው፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት የከፈሉትም ነበሩ። ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው አይነበብም።

ስለዚህ ዊንዶውስ የሚለውን ፎልደር ክፈቱ። በ95 ከሆነ ፎንትስ የሚለው ውስጥ፣ በ3.1 ከሆነ ሲስተም የሚለው ውስጥ፣ መጨረሻቸው ቲቲኤፍ የሆኑትን ሁሉ ቅዱ። የትኛው እንደሚያስፈልግ አትምረጡ፣ ሁሉንም። የሚቻል ከሆነ ጠቅላላ ዲስኩን እንዳለ ቅዱት። የዚያ ዘመን ዲስክ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው፣ ስልካችሁ ላይ ካለ አንድ ቪዲዮ ሊያንስ ይችላል። ጽሑፉ በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት) ዘመን በነበረ የአማርኛ ፕሮግራም የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ያስፈልጋችኋል፤ ዶስቦክስ በሚባለው ሶፍትዌር ዛሬ ላፕቶፕ ላይ ልታስነሱት ትችላላችሁ።

እኔ ፎንቶቹን ላፕቶፔ ላይ ጭኜ፣ አንዱን ፋይል በሊብሬኦፊስ ከፈትኩት። አዲሱ ዎርድ እነዚህን አሮጌ ፋይሎች አልከፍትም ሊል ይችላል፣ ሊብሬኦፊስ ግን ይከፍታል። መጀመሪያ ያው ዝርክርክ ነበር። ጽሑፉን በሙሉ መርጬ ፎንቱን ስቀይረው፣ ከላይ ጀምሮ በአንድ ጊዜ አማርኛ ሆነ። "ይድረስ ለውድ ወንድሜ። እኛ በጣም ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ በርትቷል፤ የጓሮውን አጥር ጥሎብን ልጆቹ እያገዙኝ መልሰን አቆምነው።" ያ አጥር ትዝ አለኝ። ምስማር ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ጽሑፉ እንደተነበበ በዚያው ቅጽበት ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ፎንቱ ውስጡ ስለሚገባ ማንም ስልክ ላይ ያነበዋል። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ፤ ከተጠቀማችሁ ውጤቱን ከፒዲኤፉ ጋር እያስተያያችሁ አርሙ፣ ፊደል ይቀያይራሉና። የመጀመሪያውንም ፋይል አትሰርዙ። ሁለት ቦታ ይኑር፤ አንዱ እናንተ ቤት፣ ሌላው እህት ወይ ወንድም ጋ።

አሁን ማሽኑን እንደ ልባችሁ

ጽሑፉ ከዳነ በኋላ መጫወት ትችላላችሁ። የአባቴን ዲስክ ጠቅልዬ አስቀመጥኩና በቦታው የካሜራ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ በአስማሚ ሰካሁበት። ካርዱ ከማሽኑ ጋር ያለ ምንም ችግር ተግባባ፣ አይጮህም፣ አይሞቅም። ዶስ 6.22 ጫንኩበት። ቢጫነቱን በፀሐይና በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ማስለቀቅ ይቻላል፣ እኔ ግን ተውኩት። አባቴ መዳፉን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ፕላስቲኩ ለስልሷል፤ እሱ እንዳለ ይሁን ብዬ ነው።

ስታስቀምጡት በፕላስቲክ አትጠቅልሉት፣ ክረምት ላይ እርጥበት ያፍናል። በጨርቅ ሸፍኑት፣ ከወለል ከፍ አድርጉት። የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ወረቀት ለጥፉ፦ የዲስኩ ሦስት ቁጥሮች፣ ባትሪዋ የወጣችበት ቀን፣ ጃምፐሩ ያለበት ቦታ፣ ጀርባው 230 ላይ መሆኑ። በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ ጻፉት፤ እርሳስ አይደበዝዝም።